ራሳቸውን እየሳቱ የሚወድቁ ልጆች፤ መድኃኒት የሚያሻቸውና የማያሻቸው

በልደታ ክፍለ ከተማ በሚገኙ አብያተ ክርስቲያናት፣ ይልቁንም በዕለተ ሰንበትና በታላላቅ በዓላት፣ በቅዳሴ መካከል ልጅ ራሱን ስቶ ሲወድቅ ያላየ ካህን ወይም የሰበካ ጉባኤ አባል ያለ አይመስለንም። ልጁ ፊቱ ይገረጣል፤ በላብ ይጠመቃል፤ ጉልበቱ ይከዳውና ይወድቃል። ጥቂት ቆይቶም ዐይኑን ይገልጣል። በዙሪያው የተሰበሰበው ሕዝብ ግን በዚያች አጭር ጊዜ ውስጥ ፍርዱን ሰጥቶ ይጨርሳል፤ አንዱ «ጾሙ ነው» ይላል፣ ሌላው «የሚጥል በሽታ ነው» ይላል፣ ሦስተኛው «መንፈስ ነው» ብሎ ጠበል እንዲመጣ ያዝዛል። ወላጆቹም ከሰሙት ሁሉ ይበልጥ ያስፈራቸውን ይዘው ወደ ቤታቸው ይመለሳሉ። ልጁ ለሁለተኛና ለሦስተኛ ጊዜ ሲወድቅ ደግሞ የመድኃኒት ፍለጋው ይጀመራል።

ለዚህ ጽሑፍ ምክንያት የሆነን ይኸው የመድኃኒት ፍለጋ ነው። ለተደጋጋሚ ራስን መሳት የሚታዘዙ መድኃኒቶች አሉ። ነገር ግን አንዱን ልጅ ከሞት የሚያድነው ክኒን ለሁለተኛው ምንም አይጠቅመውም፤ ሦስተኛውንም ሊጎዳው ይችላል። ማን የትኛው እንደ ሆነ የሚታወቀው ደግሞ በአብዛኛው ከአወዳደቁ ነው። ሐኪሙ ልጁን የሚያገኘው ከቀናት በኋላ፣ ደኅና ሆኖ በእግሩ ሲሄድ ነው፤ ሲወድቅ ያየው ግን ዲያቆኑ፣ ቄሱ፣ የሰንበት ትምህርት ቤቱ ኃላፊ ነው። እንግዲህ ለሕክምናው የሚያስፈልገው ምስክርነት ያለው በእኛ ዘንድ ነው ማለት ነው።

በመጀመሪያ እጅግ የተለመደውን ዓይነት እንመልከት። ሰው ቀጥ ብሎ ሲቆም ከግማሽ ሊትር የማያንስ ደም ከደረቱ ወደ ሆዱና ወደ እግሮቹ ይወርዳል። ጤናማ ሰውነት የደም ሥሮችን በማጥበብና የልብን ምት በመጠኑ በማፍጠን ይህን ያካክሳል። በአንዳንድ ልጆች ላይ፣ በተለይም ወደ ጉርምስና በሚገቡት ላይ፣ ይህ ሥርዓት በድንገት ይገለበጣል፤ ሊጠብቡ የሚገባቸው የደም ሥሮች ይላላሉ፤ ሊፈጥን የሚገባው ልብም ቬገስ በተባለው ነርቭ ምክንያት ይዘገያል። ወደ አንጎል የሚደርሰው ደም ለጥቂት ሰኮንዶች ስለሚያንስ ልጁ ይወድቃል። የብሪታንያው የልብ ሐኪም ቶማስ ሉዊስ እ.ኤ.አ. በ1932 ይህን ዓይነቱን አወዳደቅ ከደም ሥሩና ከነርቩ ስም አጣምሮ «ቬዞቬጋል» ብሎ ጠርቶታል፤ ሐኪሞች እስከ ዛሬ በዚሁ ስም ይጠሩታል። በሌሎች አገሮች የተደረጉ ጥናቶች እንደሚያሳዩት ከ100 ልጆች 15 ያህሉ ጉርምስናቸውን ሳይጨርሱ ቢያንስ አንድ ጊዜ ራሳቸውን ይስታሉ፤ ከእነዚህም የሚበዙት የዚህ ዓይነት ናቸው።

መውደቁ ራሱ መድኃኒቱ መሆኑን ልብ ማለት ይገባል። ሰውነት ሲጋደም ደሙ ያለ ድካም ወደ አንጎል ይመለሳልና። ልጁን ደግፈን ለማቆም ወይም ወንበር ላይ ለማስቀመጥ ስንታገል ግን የተፈጥሮን መድኃኒት እየከለከልነው ነው። ስለዚህ በጀርባው ማጋደም፣ እግሮቹን ከፍ ማድረግ፣ ነጠላውንና የአንገት ልብሱን ማላላት፣ ሕዝቡን ገለል ማድረግ ይበቃል። ጠበል ቢረጭበት ምንም ጉዳት የለውም። ራሱን በሳተ ልጅ አፍ ውስጥ ጠበልም ሆነ ተራ ውኃ ማፍሰስ ግን ወደ ሳንባው ገብቶ ሊያንቀው ስለሚችል ፈጽሞ አይገባም። ነቅቶ፣ መናገር ጀምሮ፣ ራሱ ጽዋውን ሲይዝ ይጠጣ።

በቤተ ክርስቲያን ለምን እንደሚበዛ ለመረዳት አስቸጋሪ አይደለም። ረጅም መቆም አለ፤ የሕዝብ መታፈግና ሙቀት አለ፤ ከሌሊት ጀምሮ ውኃ አለመጠጣት አለ። ጾምን ብቻ ተጠያቂ ማድረግ ግን ልክ አይደለም። የግንቦት ልደታን እንውሰድ። ግንቦት 1 ቀን ሁልጊዜ በበዓለ ሃምሳ ውስጥ ስለምትውል የጾም ወቅት አይደለችም፤ ነገር ግን በዚያን ዕለት በልደታ ለማርያም ቅጽረ ግቢ በፀሐይ ለሰዓታት ቆሞ ለሚውል ልጅ ጥማቱና መቆሙ ብቻ በቂ ምክንያት ናቸው። በሌላ በኩል በማኅሌት ላይ ያሉት መዘምራን ከእነርሱ ይልቅ ረጅም ሰዓት ቆመው ሳለ የሚወድቅባቸው እምብዛም አይታይም። መቋሚያው የሚያግዝ ቢመስልም ይልቁን የሚረዳቸው እንቅስቃሴው ሳይሆን አይቀርም ብለን እናስባለን፤ በወረቡ ወዲያና ወዲህ ሲሉ የባታቸው ጡንቻ ደሙን ወደ ላይ ይገፋዋል። ግድግዳ ተደግፎ እንደ ሐውልት የቆመው ልጅ ይህ ጥቅም የለውም።

ለዚህ ዓይነቱ ልጅ መድኃኒት ያሻዋልን? በአብዛኛው አያሻውም። የመጀመሪያው ሕክምና ማስረዳትና ማረጋጋት፣ በቀን ውስጥ በቂ ውኃ ማጠጣት፣ ሐኪም ካልከለከለ በምግቡ ላይ ጨው መጨመር፣ የማጥወልወል ስሜት ሲጀምረው ወዲያው እንዲቀመጥ ወይም እግሮቹን አጠላልፎ ጭኑንና መቀመጫውን አጥብቆ እንዲይዝ ማስተማር ነው። ይህ የመጨረሻው ቀላል ይመስላል፤ ነገር ግን ጡንቻው ሲጠብቅ የወረደው ደም ወደ ልብ ስለሚገፋ ብዙ ልጆች ከመውደቅ ይድኑበታል። በቻይና በቤጂንግ በተደረገ ጥናት ለተቅማጥ የምናውቀውን ሕይወት አድን ንጥረ ነገር በውኃ በጥብጠው በየቀኑ የጠጡ ልጆች ካልጠጡት ይልቅ የመውደቃቸው ነገር ቀንሶ ተገኝቷል። የልብ ድካም፣ የኩላሊት ሕመም ወይም የደም ግፊት ያለበት ልጅ ግን ጨው ሊጨመርለት አይገባም፤ ስለዚህ ይህም ቢሆን ከምርመራ በኋላ ይሁን እንላለን።

ይህ ሁሉ ተደርጎ አሁንም እየደጋገመው የሚወድቅ፣ ትምህርቱ የተስተጓጎለበት ልጅ ሲኖር ሐኪሞች ወደ ክኒን ሊሄዱ ይችላሉ። በዚህ ረገድ የሚጠቀሱት ሁለት ናቸው። ፍሉድሮኮርቲዞን ኩላሊት ጨውና ውኃ እንዲያስቀር የሚያደርግ ሆርሞን መሰል መድኃኒት ነው፤ የፖታሲየምን መጠን ሊያወርድና የደም ግፊትን ከፍ ሊያደርግ ስለሚችል ክትትል ይሻል። ሚዶድሪን ደግሞ የደም ሥሮችን የሚያጠብ ነው፤ ወስዶ ወዲያው የሚጋደም ሰው ግፊቱ ስለሚያሻቅብ በመኝታ ሰዓት አይወሰድም። ስለ ብቃታቸው ግን በቅንነት እንናገር። እ.ኤ.አ. በ2005 በታተመ 32 ልጆችን ባካተተ አነስተኛ ጥናት ፍሉድሮኮርቲዞንና ጨው ከወሰዱት ይልቅ ባዶ ክኒን የወሰዱት ልጆች የተሻለ ሆነው ተገኝተዋል። ሚዶድሪን በአዋቂዎች ላይ እ.ኤ.አ. በ2021 በወጣ ጥናት መውደቅን መቀነሱ ታይቷል፤ በልጆች ላይ ያለው ማስረጃ ግን ገና ቀጭን ነው። የልብን ምት የሚያዘገዩት ቤታ ብሎከር የተባሉት መድኃኒቶች ለዚህ ዓይነቱ አወዳደቅ ብዙ ዘመን ሲታዘዙ ቆይተው እ.ኤ.አ. በ2006 በታተመ ትልቅ ጥናት ከባዶ ክኒን አለመሻላቸው ተረጋግጧል። እ.ኤ.አ. በ2017 የወጣው የአሜሪካ የልብ ሐኪሞች መመሪያም ለልጆች እንደማይጠቅሙ ይገልጻል። ስለዚህ ወላጆች «ሐኪሙ ምንም መድኃኒት ሳይሰጠን አሰናበተን» ብለው ቅር ተሰኝተው ቢመጡ፣ ልጃቸው ተናቀ ማለት እንዳልሆነ ልናስረዳቸው ይገባል። ምርመራው ተደርጎ መድኃኒት አለመታዘዙ ራሱ ሕክምና የሚሆንበት ጊዜ አለ።

ስለ ሕፃናቱም አጭር ቃል እንጨምር። ከስድስት ወር እስከ አምስት ዓመት ገደማ ያሉ ሕፃናት ሲቆጡ ወይም ሲደነግጡ አልቅሰው ትንፋሻቸው ይያዛል፤ ይጠቁራሉ ወይም ይገረጣሉ፤ ይዝለፈለፋሉ። እናትን የሚያስደነግጥ ነገር ቢሆንም በራሱ ያልፋል። ከእነዚህ መካከል የደም ማነስና የብረት እጥረት ያለባቸው ብዙዎች ናቸው፤ በዮርዳኖስ ተደርጎ እ.ኤ.አ. በ1997 በታተመ ጥናት የብረት መድኃኒት የተሰጣቸው ሕፃናት እጅግ የሚበዙት ተሽሏቸዋል። መጠኑን የሚወስነው ግን በክብደቱ መሠረት ጤና ጣቢያው ነው። እናት በእርግዝናዋ ጊዜ ከተሰጣት የብረት ክኒን ቆርሳ ለሕፃን መስጠቷ አደገኛ ነው፤ የብረት ክኒን በብዛት የዋጠ ሕፃን ይመረዛል፤ ሊሞትም ይችላል።

አሁን ወደ ሚጥል በሽታ እንለፍ። በአገራችን በቡታጅራ አካባቢ በፕሮፌሰር ረዳ ተክለ ሃይማኖት መሪነት ተደርጎ እ.ኤ.አ. በ1990 የታተመው ጥናት ከ1,000 ሰዎች 5ቱ ገደማ የሚጥል በሽታ እንዳለባቸው አሳይቷል። በሽታው እውነተኛ ነው፤ መድኃኒትም አለው። ፌኖባርቢታል ከመቶ ዓመት በላይ ያገለገለ፣ ዋጋው ዝቅተኛ የሆነ መድኃኒት ሲሆን በየቀኑ ሳይቋረጥ ለተወሰደለት ሰው ብዙ ይረዳል። ችግሩ የሚመጣው ሁለቱ ሲምታቱ ነው። ራሱን የሳተ ልጅ ሰውነቱ ለጥቂት ሰኮንዶች ሊንዘፈዘፍ ይችላል፤ ይህን ያየ ሰው «ጣለው» ይላል፤ ሐኪሙም በዚህ ቃል ተመርቶ የሚጥል በሽታ መድኃኒት ሊጀምርለት ይችላል። ልጁም ለማያስፈልገው ክኒን ዓመታት ይገዛል፤ እንቅልፍና ድብታ ይዞት ትምህርቱ ይደክምበታል፤ ስሙም ከ«የሚጥል» ጋር ይያያዝበታል፤ ወድቆ መነሣቱም እንዳለ ይቀጥላል። ልዩነቱን ለሚያስተውል ሰው አንዳንድ ምልክቶች አሉ። በተለመደው ራስን መሳት ልጁ አስቀድሞ ያጥወለውለዋል፣ ዐይኑ ይጨልምበታል፣ ይገረጣል፤ ከአንድ ደቂቃ ባነሰ ጊዜ ይነቃል፤ ሲነቃም የት እንዳለ ያውቃል። በሚጥል በሽታ መንዘፍዘፉ ይረዝማል፤ ምላስ በጎን በኩል ሊነከስ ይችላል፤ ከነቃም በኋላ ለብዙ ደቂቃ ግራ ይጋባል፣ እንቅልፍም ይወስደዋል። ሽንት ማምለጥ በሁለቱም ሊደርስ ስለሚችል ብቻውን አይፈረድበትም። በሁለቱም ቢሆን የክብሪት ጭስ ማሽተትም ሆነ በጥርስ መካከል ማንኪያ መክተት ጥቅም የለውም፤ ጉዳት ግን አለው።

ከዚህ ቀጥሎ የምንናገረው ከሁሉ ይልቅ እንዲነበብልን የምንሻው ነው። ጥቂት ልጆች የሚወድቁት ልባቸው በትክክል መምታት ስለሚያቆም ነው። እነዚህ በመቆም ብዛት አይወድቁም፤ የሚወድቁት ሲሮጡ፣ ኳስ ሲጫወቱ፣ ሲዋኙ፣ ወይም በድንገተኛ ድምፅ ሲደነግጡ ነው። ማስጠንቀቂያ የሚሆን ማጥወልወል የላቸውም፤ እንደ ተቆረጠ ግንድ ይወድቃሉ። ከእነዚህ አንዱ «ሎንግ ኪውቲ» የተባለው በዘር የሚተላለፍ የልብ ኤሌክትሪክ ሥርዓት ችግር ነው። ልቡ በአልትራሳውንድ ሲታይ ጤናማ ይመስላል፤ የሚታወቀው በኤሌክትሪክ ምርመራ፣ ማለትም በኢሲጂ ነው። እ.ኤ.አ. በ1957 ጀርቬልና ላንጌ-ኒልሰን የተባሉ ሁለት ሐኪሞች በኖርዌይ በአንድ ቤተሰብ ውስጥ መስማት የተሳናቸው አራት ልጆች ራሳቸውን እየሳቱ ይወድቁ እንደ ነበርና ሦስቱ በድንገት እንደ ሞቱ ጽፈዋል። ስለዚህ መስማት የተሳነው ልጅ ራሱን ስቶ ቢወድቅ ነገሩ በዋዛ አይታይም።

ለተለመደው መውደቅ የማይጠቅሙት ቤታ ብሎከሮች፣ ለእነዚህ ልጆች ሕይወት አድን መድኃኒት ናቸው። ፕሮፕራኖሎል በአገራችን መድኃኒት ቤቶች የሚታወቅ ነው። ነገር ግን የሰዓቱን ጠብቆ ካልተወሰደ አይረዳም፤ በድንገት ማቋረጡም አደገኛ ነው። አስም ያለበት ልጅ ሳይናገር ሊወስደው አይገባም። ለአባቶች በተለይ የምናሳስበው ፕሮፕራኖሎል የሚወስድ ትንሽ ልጅ ባዶ ሆዱን ከቆየ በደሙ ውስጥ ያለው ስኳር ሊወርድና በዚሁ ምክንያት ራሱን ሊስት መቻሉን ነው። እንዲህ ያለውን ልጅ ከጾም ማሳረፍ የንስሐ አባት ሥልጣንና ኃላፊነት ነው፤ ቤተ ክርስቲያናችን ሕሙማንን በጾም እንደማታስገድድም የታወቀ ነው። ከዚህም ሌላ ለሎንግ ኪውቲ ሕሙማን የተከለከሉ ተራ የሚመስሉ መድኃኒቶች አሉ፤ ኤሪትሮማይሲን፣ ለወባ የሚሰጠው ክሎሮኪን፣ ለአእምሮ ሕመም የሚታዘዘው ሃሎፔሪዶል ከእነዚህ ይቆጠራሉ። ስለዚህ ሕመሙ የታወቀለት ልጅ ስሙንና ሕመሙን የያዘ ወረቀት ከኪሱ ሊለየው አይገባም። ጠበል በሚጠመቅበትም ጊዜ በድንገት በብርቱ ቀዝቃዛ ውኃ ከመመታት ይልቅ በመርጨትና በማጠጣት ቢደረግለት፣ አጠገቡም ሰው ቢቆምለት መልካም ነው።

እዚህ ላይ ካህናት ማንም የሌለው ዕውቀት አላቸው። ሐኪም «በቤተሰባችሁ በልጅነቱ በድንገት የሞተ አለ?» ብሎ ሲጠይቅ ብዙ ጊዜ «የለም» የሚል መልስ ያገኛል፤ አጎቱ ወንዝ ውስጥ ሰጠመ እንጂ በልብ ሞተ አልተባለምና፤ አክስቱም በሠርጓ ማግስት «ዐይን በላት» ነው የተባለው። የፍትሐቱን ጸሎት ያደረሰው ካህንና የእድሩ ዳኛ ግን ያስታውሳሉ። ምሥጢረ ንስሐ የተጠበቀ ሆኖ፣ ቀብሩ በአደባባይ የተፈጸመውን ሰው ለወላጆች አስታውሶ «ይህን ለሐኪሙ ንገሩት» ማለት ይቻላል። አንድ ዓረፍተ ነገር ነው፤ ነገር ግን ምርመራውን በሙሉ የሚያስለውጥ ዓረፍተ ነገር ሊሆን ይችላል።

በአገራችን በልጆች ልብ ላይ ብዙ ጉዳት የሚያደርሰው የሩማቲክ የልብ ሕመም ነው። ካልታከመ የጉሮሮ ሕመም ተነሥቶ የልብን በሮች ያበላሻል። በልደታ ክፍለ ከተማ ባለው የጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ግቢ ውስጥ በዶክተር በላይ አበጋዝ መሥራችነት የተቋቋመውና በ2001 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የልብ ሕሙማን ሕፃናት መርጃ ማዕከል ብዙ እንዲህ ያሉ ልጆችን የሚቀበል በመሆኑ፣ ከየክፍለ ሀገሩ የመጡ ወላጆች በአካባቢው አጥቢያዎች ሲያስቀድሱ እናገኛቸዋለን። እነዚህ ልጆች በሽታው እንዳይብስ በየ3 ወይም በየ4 ሳምንቱ የቤንዛቲን ፔኒሲሊን መርፌ ይወስዳሉ። መርፌው ያማል፤ አንዳንዱ ልጅ ተወግቶ ሲነሣ ይወድቃል። ወላጆች ይህን አለርጂ ነው ብለው መርፌውን ያስቆማሉ። አለርጂ ሊሆን ቢችልም የአሜሪካ የልብ ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2022 ባወጣው ምክር፣ ከመርፌው በኋላ ከደረሱት ከባድ አደጋዎች ብዙዎቹ ከሕመሙ ጽናትና ከዚሁ ራስን ከመሳት ጋር የተያያዙ ሊሆኑ እንደሚችሉ አስገንዝቧል። ስለዚህ ልጁ በልቶና ውኃ ጠጥቶ ይሂድ፤ ተጋድሞ ይወጋ፤ ከተወጋም በኋላ ጥቂት ተጋድሞ ይቆይ። የልቡ በር እጅግ የጠበበ ወይም ልቡ የደከመ ከሆነ ሐኪሙ መርፌውን ትቶ የሚዋጠውን ሊያዝዝለት ይችላል። ይህን የሚወስነው ሐኪሙ እንጂ ጎረቤት አይደለም። የመርፌው ቀን በጾም ወቅት ከዋለም የንስሐ አባቱ አስቀድሞ ቢፈቅድለት ወላጆች ከሁለት ሐሳብ ይድናሉ።

ጠበልና መድኃኒትን ማጋጨት ለእኛ አዲስ ጥያቄ አይደለም። ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስ በ1999 ዓ.ም. በእንጦጦ የኤች.አይ.ቪ. መድኃኒትንና ጠበልን አብሮ መውሰድ እንደሚቻል በአደባባይ ተናግረዋል። መጽሐፈ ሲራክ ምዕራፍ 38ም ስለ ሐኪም ክብርና ስለ መድኃኒት የሚናገረው የታወቀ ነው። ልጁ ተጠምቆ ክኒኑንም ቢወስድ የሚቃወም ትምህርት የለንም፤ ክኒኑን ጥሎ እንዲጠመቅ የሚያዝዝ ሰው ቢገኝ ግን ሰበካ ጉባኤው ዝም ሊለው አይገባም።

በተግባር ከየአጥቢያው የምንጠይቀው ብዙ ወጪ የለውም። በቤተ ክርስቲያኑ አንድ ጥግ ለልጆችና ለደካሞች አግዳሚ ወንበር ይኑር፤ ለማይቆርቡ ልጆች ውኃ ይቅረብ፤ ቁጭ ያለውን ልጅ የሚገሥጽ አይኑር። አንድ ልጅ ሲወድቅ ደግሞ ከአስተናባሪዎች አንዱ ያየውን በአጭሩ ይጻፍ፦ ምን እያደረገ ነበር፤ አስቀድሞ ምን ተሰማው፤ መልኩ ገረጣ ወይስ ጠቆረ፤ በግምት ምን ያህል ጊዜ ቆየ፤ ተንዘፈዘፈ ወይ፤ ሲነቃ ሰው ለየ ወይ። ስልክ ያለው ሰው ለሐኪሙ ብቻ እንዲታይ በወላጆች ፈቃድ ቢቀርጸው ከወረቀቱም ይበልጣል፤ ለሌላ ሰው መላክ ግን ነውር ነው። ወላጆች ወረቀቱን ይዘው ወደ ወረዳው ጤና ጣቢያ ይሂዱ። ራሱን የሳተ ልጅ ሁሉ ቢያንስ አንድ ጊዜ ኢሲጂ እንዲነሣ ከላይ የጠቀስነው የ2017 መመሪያ ይመክራል፤ ጤና ጣቢያው መሣሪያው ከሌለው ወደ ሆስፒታል ይጻፍላቸው ብለው ይጠይቁ። በሩጫ ላይ የወደቀ፣ ያለ ማስጠንቀቂያ የወደቀ፣ ደረቱን ያመመው ወይም ልቡ የተዛባበት፣ መስማት የተሳነው፣ በቤተሰቡ በድንገት የሞተ ያለበት፣ የልብ ሕመሙ የታወቀ ልጅ ግን ቀጠሮ አይጠብቅም፤ በዚያው ዕለት ይወሰድ፤ እስኪመረመርም ድረስ ከሩጫና ከዋና ይከልከል።

ለምርመራው ክፍያ አቅም ያጡ ቤተሰቦችን በማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን ማስመዝገብ ከሙዳየ ምጽዋቱ ሊሸፈን የሚችል በጎ ሥራ ነው። ምዝገባው የሚካሄደው በወረዳው በተወሰነለት ወቅት ስለሆነ፣ ልጁ ከወደቀ በኋላ ሳይሆን የምዝገባው ጊዜ ሲታወጅ የችግረኞቹን ስም ዝርዝር አዘጋጅቶ መጠበቅ ያስፈልጋል።